ጥላው ምን አደረገሽ

ጥቅምት 4፣ 2008 ዓ.ም። ካራማራ። ከጠዋቱ 1፡20

ነፋስ። ትራይፖዱ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። ከአባዬ የመኪና ዕቃ ሱቅ ያመጣሁትን የቡሎን ከረጢት መሀሉ ላይ አንጠለጠልኩበት። ረጋ።

ዛሬ አንድ ኤንትሬ። አቀበቱን ጨርሶ ራዲያተሩን ሊያበርድ የቆመ፣ በዕድሜ አባዬን የሚበልጥ የጭነት መኪና። ቀለሙ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ነበር። ፀሐይ ከጎን ይዛዋለች፤ ግማሽ ፊቱ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር። በአንድ ፎቶ አይያዝም። ሰማዩን ካዳንኩ ጎማው ይጠፋል፣ ጎማውን ካዳንኩ ሰማዩ ባዶ ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ ሦስት አነሳለሁ። አንድ ጨለማ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ብሩህ። ቤት ገብቼ ላፕቶፕ ላይ አጋባቸዋለሁ። ኤችዲአር ይሉታል። እኔ ማጋባት ነው የምለው።

ሾፌሩ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ክንዱን አነሳ። እንዲህ ከተጋባ ሰውየው ሦስት ክንድ ይኖረዋል። እንደገና።

ከዚያ ያው ጥያቄ መጣ። አንድ ፎቶ አላልሽም? ሦስት ጊዜ ሲጮህ ሰማሁ። ሁለቱስ ለማን ነው? አስረዳሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝ። ራሱን ነቀነቀ። ትከሻው ላይ የነበረውን ሽርጥ አውርዶ ታርጋውን ሸፈነና፣ በይ አሁን አንሺ አለኝ።

አልፈርድበትም። እዚህ መንገድ ላይ ማንም ማንንም አያምንም። እኔም አላምንም። ወደ ጅጅጋ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ካሜራዬን እንደ ሕፃን አቅፌ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው እጅ ስጠብቅ መጣሁ። ሰውየው ተኝቶ ነበር።

ጥቅምት 7። ጅጅጋ፣ አባዬ ሱቅ። ከሰዓት 9፡00

ደሳለኝ በበሩ አለፈ። ቀስ ብሎ፣ ወደ ውስጥ እያየ። (ከዛሬ ወዲያ ደ. ብቻ። ሙሉ ስሙ ቀለም አይገባውም።)

አንቺ ደብተር አዲስ ነሽ፤ ይህን ካላወቅሽ ሌላው አይገባሽም። ፊዚክስ ተመርቄ ሥራ ሳጣ ደ. ስቱዲዮ ገባሁ። ሁለት ዓመት። በሥራ ቀን የመታወቂያ ጉርድ፣ እሑድ ሠርግ። ቅዳሜ ደግሞ የራሴ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ መኪናና ሞተር ሳይክል ፍለጋ እወጣለሁ። አንድ ቀን የወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ የተደገፈች አረንጓዴ ቬስፓ አነሳሁ። አንጸባራቂዋም ጥላዋም ሳይጎዳ። ደ. ወስዶ በራሱ ስም ለውድድር ላካት። አሸነፈች። የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ስጠይቀው ሳቀ። ድስቱ የኔ፣ እሳቱም የኔ፣ ወጡ የማን ሊሆን ነው? አለኝ።

በማግስቱ ወጣሁ። እሱ ደግሞ የደንበኞችን ፎቶ ሰርቃ ነው ያባረርኳት ብሎ አስወራ። ቀርቦ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። አንድ።

ዛሬ ምን ፈልጎ ነው የሚያየው?

የእሱን ኤችዲአር አይተሻል? ሰማዩ ወይን ጠጅ፣ መኪናው ከረሜላ፣ በዙሪያው እንደ ቅዱሳን ሥዕል አክሊለ ብርሃን። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። የሚያየው ሰው ተጋብቶ መሆኑን ጨርሶ እንዳያውቅ። ዓይን እንዳየው። ከዓይን አንድ ነጥብ ሳይጎድል፣ አንድ ነጥብ ሳይጨምር።

ጥቅምት 11። ቀብሪበያ። ከቀኑ 7፡00

ከሆዳን ጋር። (ሆ. ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፣ አሁን አስተማሪ። በዚህች ከተማ የማምናት አንድ ሰው።) የእናቷ አጎት አሮጌ ላንድሮቨር አላቸው ስትል ወር ሙሉ ስትጎተጉተኝ ነበር። አዴር ሮብሌ ይባላሉ። አዴር አጎት ማለት ነው፤ እሳቸውን ግን ቀብሪበያ ሙሉ አዴር ነው የሚላቸው።

አሸዋ የመሰለ ቀለም። የፊት መስታወቱ ለሁለት የሚታጠፍ። በሩ ላይ የጥንት ባለቤቱ ጽሕፈት ተፍቆ የቀረ ጥላ። አክስሉ ሥር አራት ድንጋይ ተደርጎ ጎማዎቹ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብለው ተንጠልጥለዋል። አራት ዓመት አልተንቀሳቀሰም። ባለቤታቸውን ምጥ በያዛቸው ቁጥር ጅጅጋ ሆስፒታል ያደረሰው እሱ ነው። ስድስት ጊዜ። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ ለሰባተኛ ጊዜ ወሰዳቸው፤ ያኔ ምጥ አልነበረም። ከዚያ ብቻቸውን ተመልሰው ድንጋይ ላይ አወጡት። ለምን አይሸጡትም አልኳቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከየት ተማርሽ በሚል ዓይን አዩኝ።

ሆ. ኮፈኑን በጨርቅ ወለወለችልኝ። አዴር ጎንበስ ብለው አፈር ዘግነው ያንኑ የተወለወለውን ኮፈን አሹት። ዓይን እንዳይበላው ነው። ማሻአላህ አሉና እጃቸውን አራገፉ። አሁን አንሺ።

ፀሐይ አናት ላይ። ከመኪናው ኋላ አፉን የከፈተ የቆርቆሮ መጋዘን አለ፣ ውስጡ እንደ ጉድጓድ ጥቁር። ጥሩ ነው፣ መኪናው ይጎላል። ተጫንኩት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«አንድ ብለሽ ሦስት» አሉ።

«አንዱ ለሰማዩ ነው አዴር። አንዱ ለመኪናው። አንዱ ደግሞ ለጥላው።»

«ጥላው ምን አደረገሽ?»

ሆ. ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ምንም አላደረገኝም፣ እንዲታይ ነው አልኳቸው።

«ጥላ ሊታይ አልተፈጠረም። ተዪው።»

የሽማግሌ ንግግር ስለሚጥመኝ ጻፍኩት። የግመል ወተት ያለበት ሻሂ ጠጣን። ሴት ልጃቸው ቀዳችልን፤ ባሏ የሞተባት፣ ዝምተኛ። ከካሜራዬ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ለምን?

ጥቅምት 13። ቤት። ከጠ. 4፡00

ላንድሮቨሩን አጋባሁት። አምስት ሰዓት ፈጀ። የዋህ ሰው ላፕቶፑ ላይ ያለውን የብርሃን ማንሻ ሁሉ እስከ ጥግ ይገፋል። እኔ ጥላውን በጥቂት በጥቂቱ አነሳሁት፣ እንደ ሊጥ። ሰማዩ ሰማይ። ኮፈኑ ላይ የአዴር ጣቶች ዱካ በአፈሩ ውስጥ አንድ በአንድ። ከኋላ ያ ጉድጓድ የመሰለ ጨለማ ለስልሶ ቅርጽ ገባበት፤ ክብ ክብ ነገር፣ ጥልቀት ሰጠው። አክሊለ ብርሃን የለም። አንድም።

ድንጋዮቹ ግን አበላሹት። መኪናው አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ መሰለ። ከጎማዎቹ ወገብ በታች ቆረጥኩት። አሁን ቁልፍ ሲዞር የሚነሳ ይመስላል።

ከቬስፓዋ ይበልጣል። ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል። ዞሬ መስኮቱ መዘጋቱን አየሁ። ማን ሊያየኝ? አላውቅም። ግን አየሁ።

ጥቅምት 20። ሱቅ። ከሰ. 10፡00

ተሰቀለ! ባነር ቤት አሳትሜው፣ አንድ ሜትር ተኩል በሁለት። ከአባዬ ሱቅ በር በላይ፣ ዋናው መንገድ ላይ። ጥግ ላይ ስሜ፣ ከሚገባው በላይ ትልቅ፦ ምንትዋብ። አሁን ይስረቀው። ስሜን ለመቁረጥ መሰላል ያስፈልገዋል።

አባዬ ፍሬን ሸራ የሚሸጥ ሰው ምን ሥዕል ያስፈልገዋል ብሎ አጉረመረመ። ከዚያ ግን መሰላሉን የያዘልኝ እሱ ነው። ሾፌር ይቆማል፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ይቆማል፣ ጫት የያዘች ሴትዮ ትቆማለች። ይሄ የቀብሪበያው አዴር መኪና አይደለም? ይላሉ። እሱ ነው! እላለሁ።

ደ.ም ቆመ። ረጅም ጊዜ። እየተጠጋ፣ እየራቀ። ከዚያ ሄደ። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም።

ለአዴር ትንሹን ቅጂ በሆ. እጅ ላክሁ።

ጥቅምት 25። ቤት። ጠዋት

ሆ. ከቀብሪበያ ተመለሰች። አዴር ፎቶውን ሦስት ቀን በኪሳቸው ይዘው ዞሩ አለች። ከዚያ፣ መኪናው መሄድ እየፈለገ እኔ ነኝ ለካ የያዝኩት ብለው ጎማዎቹን ጎሚስታ ወስደው አስጠገኑ። ትናንት ጎረቤት ጠርተው ከድንጋዩ አወረዱት። ባትሪ የለውም፣ ሞተሩ አይነሳም። ግን በአራት እግሩ ቆሟል።

አለቀስኩ። ከሰው ፊት አላለቅስም፤ አንቺ ደብተር ነሽ።

ጥቅምት 28። ሱቅ። ከጠ. 3፡00

ሆ. መጣች። አልተቀመጠችም።

ትናንት ፊናንሶች አዴር ግቢ ገቡ። የኮንትሮባንድ ተቆጣጣሪዎቹ ማለቴ ነው። ቀጥታ ወደ መጋዘኑ። ሌላ ቦታ አላዩም፣ አልፈተሹም። ከዚያ ውስጥ ሳልቫጅ ጨርቅ በእስር በእስሩ አወጡ። ያቺ ዝምተኛ ልጃቸው የምትነግደው፣ ከድንበር የመጣ። ጨርቁን ወሰዱ፤ እሺ፣ ሕግ ነው። ግን ላንድሮቨሩንም ጎትተው ወሰዱት። ዕቃውን ያጓጓዘው መኪና ነው ብለው።

አዴር ከሦስት ቀን በፊት ድረስ ድንጋይ ላይ ነበር አሉ። ሳቁባቸው። ጎረቤት መሰከረ። ዘመድ ነው ተባለ። ሞተሩ አይነሳም ሲሏቸው፣ ስንመጣ ሰምታችሁ ባትሪውን ደበቃችሁ አሉ። አሁን እዚህ ጅጅጋ፣ የተያዘ መኪና የሚከማችበት ግቢ ፀሐይ ላይ ቆሟል። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ማስረጃ ካልቀረበ ጨረታ።

ጠቋሚውም ይታወቃል ይላሉ። ሆ. ይህን ስትል የቡሎን መደርደሪያውን እያየች ነበር። በአንድ ፎቶ ሦስቴ የምትጫነዋ ልጅ። አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለራሷ፣ አንዱ ለፊናንስ።

ደ.! ማን ሌላ? ያን ዕለት የቆመው ለዚህ ነው።

ጥቅምት 30። ሸደር። እኩለ ቀን

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው የአባቱን ሞተር ሳይክል፣ የጎን ተሳፋሪ ያለውን፣ ላንሳው ብዬ ተስማምቶ ነበር። ዛሬ ስደርስ በሸራ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ፎቶው ቀርቷል አለኝ። ለምን? ቀርቷላ። ፀሐዩ ጥሩ ነው አልኩት፣ የማይረባ ነገር። «ናያ፣ አንቺ፣ ፀሐይ የትም አለ» አለኝና በሩን ዘጋ።

ወደ ሚኒባሱ ስሄድ ሻሂ የሚሸጡት ሴቶች በጣታቸው ካሜራ ሠርተው ወደ እኔ ደገኑ። «ኮው! ለባ! ሰደህ!» አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሳቃቸው እስከ መናኸሪያው ተከተለኝ። ትራይፖዱን እንደ ጦር ተሸክሜ፣ አንገቴን ሳልሰብር አለፍኩ። አንገቴ ግን አሁን ያመኛል።

ስለ ስደተኞች ካምፑ መጋዘን አሮጌ ቤድፎርድ ጭነት መኪና የነገረኝ ዘበኛም ዛሬ አላወቀኝም። ሰላምታዬን ሰምቶ ወደ ሰማይ አየ።

ኅዳር 2። ጅጅጋ። ከጠ. 5፡00

ደ. ስቱዲዮ ገባሁ። ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቬስፓዬ አሁንም ግድግዳው ላይ ናት። ሰው ጉርድ እየተነሳ ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም። አዴር ሮብሌን የጠቆምከው አንተ ነህ፣ በእኔ ያላከክኸውም አንተ ነህ አልኩት። ደንበኛው ኮቱን እንደያዘ ወጣ።

ደ. አልተቆጣም። ይሄ ነው ያበገነኝ። «ፎቶ ወሰድክ በዪኝ» አለ፣ «እሱን እቀበላለሁ። ሰው ጠቆምክ አትበዪኝ። ስምሽን በሜትር ጽፈሽ ሰቅለሽ ጠቋሚ ትፈልጊያለሽ?»

ለመውጣት ስዞር ደግሞ ከኋላዬ፣ ባለሙያ ለባለሙያ እንደሚናገር አድርጎ፦ «ጥላውን አብዝተሽ ከፍተሽዋል።»

ቅናት! ከረሜላ የሚቀቅል ሰው ስለ ጥላ ሊያስተምረኝ!

ፎቶ ወሰድክ በዪኝ አለ ግን። አመነ። ከወጣሁ ጀምሮ የጠበቅሁትን ቃል ሰጠኝ፤ እኔ ሳልሰማው ወጣሁ።

ኅዳር 3። ቤት። ከሰ. 11፡00

እሱ ካልሆነ ማን?

ያን ቀን ግቢው ውስጥ የነበርነው አራት ሰው። አዴር ራሳቸውን አይጠቁሙም። ልጃቸው የራሷን ዕቃ አትጠቁምም። እኔ አይደለሁም። አንድ ሰው ይቀራል። ዕቃ መኖሩን ማወቅ የምትችል። ወር ሙሉ ሂጂ፣ አንሺው ብላ የጎተጎተችኝ።

ልጽፈው ፈራሁ። ጻፍኩት።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጠብቄ ጠየቅኋት። በቀጥታ። እንደ እኔ አድርጌ። ሆ. መጀመሪያ ያልገባት መሰለች። ከዚያ ገባት። በሻሿ ጫፍ እጇ ላይ የቀረውን ጠመኔ ቀስ ብላ ጠረገች። የእናቴ አጎት ነው አለች። ወደ ቤቷ በሚወስደው መንገድ ሄደች፤ የሁለታችንን መንገድ ትታ፣ በዚያኛው።

እንዲህ ነው ጥፋተኛ የሚሆነው? ወይስ ንጹሕ? የሰው ሆድ በምን ይታያል?

የኔ እጅ ግን ንጹሕ ነው። ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ኅዳር 6። ሱቅ። ከጠ. 4፡30 ይመስለኛል

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

አንድ ፊናንስ የራዲያተር ማራገቢያ የሚያዞር ቺንጋ ሊገዛ መጣ። ወጣት፣ ደንብ ልብሱ የተተኮሰ፣ ተጫዋች። አባዬ ቺንጋውን ሲፈልግ ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ፎቶውን አንጋጦ ያየዋል። አንቺ ነሽ ምንትዋብ? አለኝ። ነኝ አልኩ፤ ልቤ ደንደን አለ፣ ልጣላው ነበር።

«ካሜራሽ ጎበዝ ነው እባክሽ» አለ እየሳቀ። እኛ ያን ግቢ ስንት ጊዜ በበሩ አልፈናል፣ ቆመንም እናውቃለን። ከፀሐይ ላይ ሆኖ ሲታይ መጋዘኑ ጨለማ ነው፣ ምንም የለም። ባለፈው ወር እዚህ ፍሬን ሸራ ልገዛ መጥቼ ቀና ስል ግን... እጁን ዘረጋ። ወደ መኪናው አይደለም። ከኮፈኑ በላይ፣ ወደ ኋላ፣ ወደዚያ ለስላሳ ጥልቀቴ። በጣቱ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥራ አንድ እስር።

«ያገኘነው ግን ዘጠኝ ነው» አለ። «ሁለቱስ?»

ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር፣ እንደ እኔ። አባዬ ቺንጋውን ሰጠው፣ መልስ ሰጠው፣ አመሰገነው። ሰውየው ከሄደ በኋላ አባዬ ሌላ ደንበኛ ሳይኖር ባንኮኒው ጋ ቆሞ ቀረ። ወደ እኔ አላየም።

እዚያው ላፕቶፑን ከፈትኩ። ጨለማው ፍሬም፦ መጋዘኑ ጥቁር። መካከለኛው፦ ጥቁር። ብሩሁ፦ እስሮቹ፣ ገመዱ፣ ከአንዱ እስር የወጣ ቀይ እጅጌ ሳይቀር።

ዓይን እንዳየው ስል ነበር። አዴር አላዩትም። ሆ. አላየችም። እኔ እዚያው ቆሜ በዓይኔ አላየሁም። ያየው ሦስተኛው ፍሬም ነው፤ እኔ ደግሞ አምስት ሰዓት ሙሉ በጥንቃቄ፣ በፍቅር፣ እንደ ሊጥ አነሳሁትና መንገድ ላይ ሰቀልኩት። ስሜን ጽፌበት።

ጥላው ምን አደረገሽ ብለውኝ ነበር።

ኅዳር 7። ቤት። ጠዋት

ፎቶውን ለማውረድ መሰላል አቆምኩ። ወጣሁ። ወረድኩ። ባወርደው ማን ይመስላል? የሰረቀውን የሚደብቅ። ተውኩት።

ስንቱን ጠረጠርኩ፣ ቁጠሪ። ደ.ን። የአዴርን ልጅ። የሸደሩን ዘበኛ። ሚኒባስ ውስጥ የተኛውን ሰው! ሆ.ን። ሆ.ን!! አንድ ቀን ደግሞ፣ አንቺ ላይ ሳልጽፈው፣ አባዬን። ሁሉንም ጠረጠርኩ፣ ካሜራውን ከያዘችው በቀር።

ከሰ. 8፡00

አንድ ነገር አገኘሁ። ያልተቆረጡትን ፍሬሞች ዳር እስከ ዳር ስመረምር። ብሩሁ ውስጥ፣ ከመኪናው ሥር። አራቱ ድንጋዮች። በጨለማውም በመካከለኛውም ሥሩ ጥቁር ነው፣ አይታዩም። በብሩሁ ግን አክስሉ ድንጋይ ላይ መተኛቱ፣ ጎማዎቹ መንጠልጠላቸው፣ በድንጋዩና በብረቱ መካከል የሸረሪት ድር፣ አቧራ የጠገበ። በአንድ ሳምንት የማይሠራ ድር። ፋይሉ ላይ ቀኑ አለ፦ ጥቅምት 11። እስሮቹም እዚያው ፍሬም ውስጥ አሉ። ዕቃው መጋዘን፣ መኪናው ድንጋይ ላይ። መኪናው አላጓጓዘም። ዘመድ ያልሆነ ማስረጃ።

ሰው የሚጎዳውን አብርቼ፣ ሰው የሚያድነውን ቆርጬ ጣልኩ። ለምን? ድንጋይ ስለማያምር።

ይሄን ይዤ ፊናንሶቹ ጋ ብቀርብ፣ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ብዬ መፈረም አለብኝ። ያኔ ከተማው ሁሉ ሰማ፦ እውነት ነበር፣ ሦስተኛው ለፊናንስ ነበር። ሸደር፣ ቀብሪበያ፣ ካራማራ፣ አንድ በር ከእንግዲህ አይከፈትልኝም። ደ. ስቱዲዮው ውስጥ እግሩን አነባብሮ ይስቃል። ዝም ብልስ? ያ ወጣት ፊናንስ ምን እንደተናገረ አያውቅም፣ አባዬ አይናገርም። ስድስት ቀን ቀርቷል። ከዚያ ጨረታ፣ ከዚያ ይረሳል።

አባዬን ምን ላድርግ አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ። ያንቺ ስም ነው የተጻፈው፣ አለ።

ኅዳር 8። ቤት። ከሰ. 11፡30

ትምህርት ቤቱ በር ላይ። ሆ. አየችኝና ልታልፍ ነበር። የኔ ነው አልኩ። የኔ ፎቶ ነው። እዚያው፣ ደብተሯን እንዳቀፈች፣ ሁሉንም ነገርኳት፤ እሷን የጠረጠርኩት ለምን እንደሆነ ሳይቀር፣ በቂ ምክንያት እንዳልነበረኝም ሳይቀር።

ይቅር ይሁን አላለችም። ደህና ነው አላለችም። ድሩ በደንብ ይታያል ወይ? አለች። ይታያል። ደብተሯን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። ከዚያ፦ «ነገ የመጀመሪያው ሚኒባስ። አዴር ፊት አንቺው ትናገሪያለሽ። እኔ አልተረጉምልሽም።»

አዴር አማርኛ ከእኔ እኩል ይችላሉ። ያለችው ገባኝ።

ሦስቱን አሳተምኩ። ሳላጋባ፣ ሳልቆርጥ። የተጋባው ይቅር። ብሩሁን ብቻ ልወስድ አስቤ ነበር። ግን ሰው ሁሉ ሁለቱስ ብሎ ሲጠይቀኝ አልነበር? እሳቸው ፊት ሦስቱንም ዘርግቼ፣ እሺ ካሉኝ ብሩሁን ይዤ ከሰዓት ፊናንሶቹ ጋ እገባለሁ። እምቢ ካሉኝም፣ ብሩሁ አሥራ አንዱንም እስር ያሳያልና፣ የሳቸው ጥላ ነው።

ተወሰነ። ስሜን በትልቁ እፈርማለሁ።

ኅዳር 9። ቀብሪበያ። ከጠ. 2፡40

አጥሩ ሥር ቆሜ፣ ጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ። ሆ. ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሌላ ባዶ ወንበር ነበር፣ ግን አጠገቤ ተቀመጠች። አሁን ቀድማ ገብታለች።

በአጥሩ ቀዳዳ ግቢው ይታያል። ላንድሮቨሩ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። አራቱ ድንጋዮች ግን እዚያው አሉ፣ በአራት ማዕዘን፣ ማንም አልነካቸውም። ከኋላቸው መጋዘኑ። ጥቁር። ከዚህ ሆኖ ምንም አይታይም።

ካሜራውን አላመጣሁም።

አዴር ወጡ። ሽርጣቸውን እያስተካከሉ። ሆ. አንድ ነገር አለቻቸው፣ ወደ በሩ አዩ። እየመጡ ነው። ፖስታውን ከፍቻለሁ። መጀመሪያ የምሰጣቸው ብሩሁን ነው፣ ከዚያ...